ፍተሻ

በዚሁ በር ነበር፣ በሌሊት ፈረቃ፣ ሳንከፍል ስንገባ፤
ዛሬ ትኬት ቆረጥን፣ እኔና ጦይባ፣
አሥር አሥር ብር ከፍለን፣
ከአንዲት ልጅ እግር «ተዝናኑ እሺ» ተብለን።

ቦርከና ዳር ነው፣ ኮምቦልቻ፣
ፋብሪካው እግሩን ወንዙ ውስጥ የነከረበት፣
ጥጥ የሚራገፍበት፣
ጥቅል ጨርቅ የሚጫንበት።
ያ የብረት መድረክ ሦስት እጁን ዘርግቶ
ከውሃው በላይ ቆሟል፣ አረንጓዴ ተቀብቶ።

ክሬኑን አልጣሉትም፤ አንገቱ ላይ አምፖል አስረው፣
ቀይ ቀለም ለቅልቀው፣ ከሥሩ አበባ ደርድረው፣
አቁመውታል ለፎቶ፤
ያ የሙሄን ትከሻ የሰበረ ክንድ፣ እንደ ወይፈን ተገርቶ።

«ጫት መቃም ክልክል ነው» ይላል ግንቡ ላይ የተለጠፈው፤
ከሥሩ የተቀመጡትን ጎረምሶች ጉንጭ ምን ይሆን ያሳበጠው?

ሲረኗን ፈለግኩ፤ ያቺን ሌሊት አሥር ሰዓት የምትጮኸውን፣
ስንቱን ሕፃን ከእናቱ ጡት የምታላቅቀውን።
«እሷማ በኪሎ ተሸጠች፣ ከማሽኑ ጋር» አለኝ አትክልተኛው፣
ጽጌረዳ እያጠጣ፣ በቀለሙ በርሜል፣ ያውም በእኛው።

«ታስታውሻለሽ?» አለች ጦይባ፣ ብረቱን ተደግፋ፣
በወንዙ፣ እንደ ባሏ፣ አኩርፋ።

ሰኞ ሰማያዊ ይፈስ ነበር፣ የተማሪ ልብስ ስንነክር፤
ሐሙስ ቀይ፣ የአልጋ ልብስ፤ ቅዳሜ የወታደር።
ወታደሩ የበዛ ዓመት ወንዙ ቅጠል ይመስላል፤
የሐርቡ ገበሬ ከብቱን ሊያጠጣ ወርዶ፣
«ዘንድሮም ጦር አለ» ይላል።

ዛሬ ግን ውሃው ውሃ ነው።
ቀለም የለው፣ ወሬ የለው፣
ከደሴ ያመጣውን ፌስታል ይዞ ዝም ብሎ ይወርዳል።
ጦይባ ጠረጠረችው።
«የታመመ ይመስላል» አለች።

(የእሷም ጥፍር፣ ሥር ሥሩ፣ ዛሬም ሰማያዊ ነው፤
ሐኪሙ «ቀለም አይደለም፣ ልብሽ ነው» አላት፤ አልሰማችው።)

ሙሽሮች መጡ። ሚዜው ሁሉ አንድ ዓይነት ከረባት።
ፎቶ አንሺው በርከክ ብሎ አነጣጠረ፣ አይጥ እንዳየች ድመት፤
«እናቶቼ፣ ትንሽ ፈቀቅ፣ ከፍሬሙ ውጡልኝ በሞቴ!»
ልነሳ ስል፣ ጦይባ ያዘችኝ ከጉልበቴ።
«እዚች ካሬ ላይ» አለችው፣ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሜአለሁ፤
የፈለግከውን አንሳ፤ እኔ ግን እዚሁ አለሁ።»

አነሳን እንግዲህ።
የሆነ ሰው ሳሎን፣ ግድግዳ ላይ፣
ከቬሎው ጀርባ ሁለት ሴቶች አለን፣
አንዷ የተቆጣች፣ አንዷ ያፈረች።

አመሻሽ ላይ፣ መውጫው ዘንድ፣ ያቺው እታገኝ ቆማለች፤
ድሮ ከጡታችን ሥር ክር የምትፈልግ፣ ዛሬ ትኬት ትቀዳለች።
ማንንም አትፈትሽም አሁን። ምን አለ የሚሰረቅ?
ወንበሩ በሲሚንቶ የተተከለ፣ ንፋሱ ኪስ የማይዘልቅ።

ጦይባ ግን፣ ስትደርስ ፊቷ፣
ሁለት እጇን ወደ ላይ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዳደረገችው፣
አፏን ዘግታ፣ ዓይኗ ወደ ሰማይ።

እታገኝ ልትስቅ ነበር።
ግን እጅም ልማድ አለበት፤
ከብብት ወረደ፣ ወገብ ላይ ቆየ፣ ኪስ ገባ፣
አንድ ዝገት የበላው ብሎን አገኘበት።

ስታነሳው አላየሁም፤ ከክሬኑ ይሁን ከመድረኩ፣ እንጃ።
ያን ሁሉ ዓመት አንዲት ክር ያልተገኘባት ሴት።

እታገኝ ብሎኑን መዘነችው በመዳፏ፤
አየችኝ፣ አየቻት፤ ትንፍሽ አልወጣም ከአፏ።
መልሳ ኪሷ ከተተችው፣
ኪሱንም፣ እንደ ሕፃን ጀርባ፣ መታ መታ አደረገችው።

«እለፊ» አለች፣ «ምንም አልያዝሽም።»